መመለሻው የታወቀ ጉዞ

እዚህ ወሎ፣ ውርጌሳ ላይ ሆነ መርሳ ላይ «የእገሌ ልጅ ውጭ ወጣ» ሲባል የሰሚው ሐሳብ ወዴት እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፣ ጅቡቲ ኦቦክ ላይ ጀልባ ይጠብቃል፣ ባብ ኤል መንደብን ይሻገራል፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ድንበር ይደርሳል። እናትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን ከእጇ አትለይም። እኛ ዘንድ «ውጭ» የሚለው ቃል መሄድን ብቻ የያዘ፣ መመለስ የጎደለው ቃል ሆኗል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት መውጣት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ሌላ አገር ሄዶ ይማራል፣ ውጤቱን ይዞ ወደ ገዛ ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይመረቃል። ይህን ጉዞ ከሌላው መውጣት ሁሉ የሚያስበልጠው የመመለሻው ቀን ገና ከመነሻው መታወቁ ነው እላለሁ። ለዚህም ሲባል ልጆቻችን ሊመኙት፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሊደክሙለት የሚገባ ነገር ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። አውሮፓውያን ኢራስመስ የሚባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀምሩት፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ብቻ ነበር የተንቀሳቀሱት፤ ዛሬ የተሳታፊው ቁጥር በሚሊዮን ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት እየተፈራረሙ ተማሪ እንዲለዋወጡ በሩ ተከፍቷል። ተማሪው ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ለጉዞና ለኑሮ ድጎማ ይሰጠዋል። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ወረቀት አለች። ተማሪው ከመነሳቱ በፊት የሚወስዳቸው ኮርሶች በስማቸውና በክሬዲታቸው ይጻፉባትና ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ይፈርሙባታል። ላኪው «እነዚህን አልፎ ከመጣ እኔ ዘንድ እንደተማረ እቆጥርለታለሁ» ብሎ በፊርማው ቃል ይገባል ማለት ነው። ይህች ወረቀት ባትኖር ሴሚስተሩ ሽርሽር ሆኖ ይቀር ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ወሎ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ግን ይከብዳል። ከዚህ እስከ ሐይቅ ስንት ነው? በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደብረ ዳሞ ሄደው ተምረው ነው ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ቦታ ያደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ ተነስተው እዚያው መጥተው ተምረዋል። ከዚያም በኋላ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ የሚዞረው አገር ለማየት ጓጉቶ አልነበረም። ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የፈለገ ሰለልኩላ፣ ቅኔ የፈለገ ደግሞ ዋድላ መሄድ ነበረበት፤ እያንዳንዱ ትምህርት የታወቀ ቤት ነበረውና። የእስልምና ትምህርት ተማሪው ደረሳም እንዲሁ ነው። ለነሕው አንዱ ሼህ ዘንድ፣ ለፊቅህ ሌላው ዘንድ፣ ለተፍሲር ሦስተኛው ዘንድ ይቀመጣል። የጁ ውስጥ ያለችው ዳና ስሟ የገነነው ደረሳ ከሩቅ አገር እየመጣ ስለቀራባት ነው። በጥላሸት ቀለም የተጻፈባት ሉህ ታጥባ እንደገና እንደምትጻፍ፣ ደረሳውም ከቦታ ቦታ ሲሄድ አዲስ ይጻፍበት ነበር። ሁሉን ነገር በአንድ ግቢ ተቀምጦ መማር የኋላ ዘመን ልማድ ነው፤ የአባቶቻችን ሥርዓት አልነበረም።

ከውርጌሳ ወደ ደሴ ስንሄድ የምናልፋት ውጫሌ ሄዶ ተምሮ የሚመለስ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከማንም በላይ ምስክር ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣልያን መንግሥት መጠቀም ይችላሉ ማለት ነው። የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። ነገሩ የታወቀው አፄ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን «በኢጣልያ በኩል ላኩ» የሚል መልስ ሲመጣ ነው። የዚያች አንዲት ቃል ጣጣ እስከ ዓድዋ ደረሰ። ተንኮል ነበረበት የሚል ካለ አልከራከረውም። የኔ ጥያቄ፣ ተንኮሉን ውሉ በተፈረመበት ቀን ማን ሊይዘው ይችል ነበር የሚል ነው። የቃልን ትርጉም ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል፤ ክብደቱን ግን ቋንቋው በሚነገርበት አገር ገበያ ወጥቶ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ተከራክሮ የኖረ ሰው ነው የሚያውቀው። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ሄደው የተመለሱ ልጆች በብዛት ቢኖሯት ኖሮ ውጫሌ ላይ ቃሏን የሚመዝንላት አታጣም ነበር።

እዚህ ላይ በጣም ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፤ «የሄደ አይመለስም፣ የተማረውን ልጅ ለሰው አገር መስጠት ነው» ይባላል። ፍርሃቱ እውነት አለው። ወሎ ይህን ከመቅደላ ጀምሮ ያውቀዋል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው ልጆች መካከል ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ ቀረ። ሐኪም ወርቅነህ ደግሞ ሕንድ አድጎ፣ ሕክምና ተምሮ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ሲመለስ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ ዘመዶቹ የለዩት በገላው ላይ ባለ ጠባሳ ነው። በኋላ ቼርቸርን አስተዳድሯል፣ ለንደን ላይም ኢትዮጵያን ወክሏል፤ አገሩን ግን እንደ እንግዳ እንደገና መማር ነበረበት። እነዚህ ሕፃናት ተወስደው እንጂ ለትምህርት ተልከው እንዳልሄዱ አውቃለሁ። የማነሳቸው መመለሻው ያልታወቀ መውጣት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ስለሚያሳዩን ነው። የአንድ ሴሚስተር ጉዞ ከዚህ ይለያል። ተማሪው የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነ ነው የሚሄደው፤ ዲግሪው ያለው እዚህ ነው፤ ካልተመለሰ የሦስት ዓመት ልፋቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። የሚቀር አይጠፋም። ነገር ግን ለአራትና አምስት ዓመት ከሄደው ይልቅ ለአምስት ወር የሄደው ለመመለስ የሚይዘው ነገር ብዙ ነው።

«አምስት ወር ምን ያስተምራል?» ለሚለውም መልስ አለኝ። አስተርጓሚ አያደርግም፣ ሊቅም አያደርግም። የመጀመሪያው ወር በግርምት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ፈተናው፣ ወረፋው፣ ብርዱ፣ ራሱ የሚያበስለው ወጥ የዕለት ኑሮ ይሆኑበታል፤ ሰው አገር የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ደግሞም የቤቱን ልማድ ሳይረሳ ስለሚመለስ ሁለቱን አገር በአንድ ዓይን ያያል። ቤተ መጻሕፍቱ ለምን በጊዜ ይዘጋል፣ ተማሪ መምህሩን ለምን አይጠይቅም ብሎ ማንሳት የሚጀምረው እሱ ነው። «በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የተዘረፈው ወልድያ ዩኒቨርሲቲያችን ቤተ ሙከራው ሳይሟላ ስለ ውጭ ማውራት ቅንጦት ነው» ለሚሉኝ ደግሞ ተቃራኒውን እላለሁ። የእኛ ዕቃ እስኪሟላ ድረስ ተማሪው በተሟላ ቤተ ሙከራ አንድ ሴሚስተር ቢሠራ፣ ዕቃው ሲመጣ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይጠብቀዋል።

ልውውጥ ከተባለ ደግሞ የሚመጣም አለ። በ1950 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥቶ ነበር። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ አዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ናቸው። የእኛ ተማሪዎች ስለ ነፃነት ትግልና ስለ ተማሪ ማኅበር ብዙ የሰሙት አንድ መኝታ ቤት አብረዋቸው ካደሩት ከእነዚህ ልጆች ነው፤ አገር ሳይለቁ ሌላ አገር አዩ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተማሪ አልጋ በአልጋ መለዋወጥ ይችላል፤ የግድ አውሮፓ መሆን የለበትም።

እንግዲህ የውርጌሳ ወላጆች፣ ልጃችሁ «ለአንድ ሴሚስተር ውጭ ልሂድ» ያላችሁ ቀን አትደንግጡ፤ ደላላውንም አታስጠጉ። የተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ የእኛ ዩኒቨርሲቲ የፈረመበትን የኮርስ ስምምነት፣ የመመለሻውን ቲኬት አሳየን በሉት። ሦስቱም በእጁ ካሉ፣ አብሽሩ፤ መርቃችሁ፣ ዱዓ አድርጋችሁ ሸኙት።