ጀግናው ዘግይቶ የሚመጣበት ድራማ

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ሙያ ነው፤ በእጅ የሚጫወቱትን የቪዲዮ ጌም ተዋንያን ወደሚተውኑበት ድራማ ስለማምጣት። ብዙ ገንዘብ ፈሶበት፣ ስመ ጥር ሰዎች ተሰልፈውበት አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፍ ሥራ ነውና ሙያ ብንለው አያንስበትም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች አንድ ስክሪፕት ደረሳቸው። ይዘውት የመጡት መልእክተኞች ከእግር እስከ ራስ አረንጓዴ ጥሩር ለብሰው፣ ፊታቸውን በራስ ቁር ሸፍነው ነበር። ስክሪፕቱ «ሄይሎ» ከተባለው የማይክሮሶፍት ጌም የተወሰደ ሲሆን ጸሐፊው አሌክስ ጋርላንድ ነበር። ኋላ ፒተር ጃክሰን ፕሮዲዩሰር፣ ኒል ብሎምካምፕ ዳይሬክተር ሆነው ተመደቡ። ዩኒቨርሳልና ፎክስ ግን በ2006 እጃቸውን ሰበሰቡና ያ ሁሉ ሽር ጉድ ውሃ በላው። የ«ሄይሎ» ዓለም በደንብ የታየበት የመጀመሪያው ረዘም ያለ የተዋንያን ሥራ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በኢንተርኔት በነፃ በተለቀቀ ባለ አምስት ክፍል ተከታታይ ፊልም ነው። ርእሱ «ሄይሎ 4፦ ፎርዋርድ አንቱ ዶውን» ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ስቱዋርት ሄንድለር፣ ጸሐፊዎቹ ቶድና አሮን ሄልቢንግ ናቸው። እንደተዘገበው ወጪው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በሆሊውድ ሚዛን ይህ የኪስ ገንዘብ ነው።

ይህ ትንሽ ሥራ ትልልቆቹ ያጡትን መንገድ አግኝቷል ብዬ እከራከራለሁ። ያገኘውም ተመልካቹን ከጀግናው ውስጥ አውጥቶ ከጀግናው አጠገብ በማቆሙ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ለማየት በመጀመሪያ ወደ ጌሙ እንሂድ። «ሄይሎ» በ2001 ኤክስቦክስ ከተባለው የጌም ማጫወቻ ጋር አብሮ ሲወጣ ባንጂ የተባለው ኩባንያ ተጫዋቹን ማስተር ቺፍ በተባለ ወታደር ዓይን እንዲያይ አደረገው። ተጫዋቹ ከፊቱ የሚያየው የራሱን እጆችና የጠመንጃውን አፈሙዝ ነው። የጥይቱ ቁጥር ጠመንጃው ጀርባ ላይ ይነበባል፤ የመከላከያ ጋሻው ልክ በራስ ቁሩ መስታወት ላይ በመስመር ይታያል። ተኩስ ሲበዛበት መስመሩ እያጠረ ይሄዳል፤ ከድንጋይ ጀርባ ለጥቂት ሰከንድ ቢደበቅ ደግሞ መልሶ ይሞላል። የማስተር ቺፍን ፊት በጌሙ ውስጥ በግልጽ አናይም፤ ንግግሩም ቁጥብ ነው። ይህ የአጻጻፍ ድክመት አይደለም። የራስ ቁሩ ውስጥ ያለው ቦታ ለተጫዋቹ ተብሎ የተተወ ባዶ ወንበር ነው። ድፍረቱም፣ ስህተቱም፣ ብስጭቱም ከተጫዋቹ ይመጣል፤ ማስተር ቺፍ ያለ ተጫዋቹ ግማሽ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ድራማ ሠሪው እንግዲህ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጆይስቲኩን ከተመልካቹ እጅ መውሰድ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አንዱን ማሰብ ይበቃል፦ የሚጫወተው ልጅ ሰዓቱን ረስቶ ይቀመጣል፤ ተራ የሚጠብቀው ግን ያንኑ ስክሪን፣ ያንኑ ጨዋታ እያየ ይቁነጠነጣል። ብዙ ፊልም ሠሪዎች ተመልካቹን ያደረጉት ልክ እንደዚህ ተራ ጠባቂ ነው። በ2005 የወጣው «ዱም» የተባለው ፊልም ለምሳሌ የጌሙን ስሜት ለመመለስ ብሎ ለደቂቃዎች ካሜራውን በተዋናዩ ዓይን ቦታ አስቀምጦ፣ ጠመንጃው ከስክሪኑ ግርጌ ወጥቶ ጭራቆችን እንዲረፈርፍ አድርጓል። ቀረጻው ብልሃት አለው፤ አልክድም። ግን ተመልካቹ የሚያየው ሌላ ሰው ሲጫወት ነው፤ ያውም ተራው ፈጽሞ የማይደርሰው ሆኖ። የጌሙ መልክ ተቀድቷል፤ ጌሙን ጌም ያደረገው የተጫዋቹ ውሳኔ ግን አልተቀዳም፤ ሊቀዳም አይችልም።

«ፎርዋርድ አንቱ ዶውን» ከዚህ ወጥመድ የወጣው ማስተር ቺፍን ከመሀል በማንሳት ነው። ታሪኩ በ2526፣ ሰርሲነስ 4 በተባለች ፕላኔት ላይ በሚገኝ ኮርቡሎ በሚሉት የጦር አካዳሚ ውስጥ ይካሄዳል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቶማስ ላስኪ የተባለ እጩ መኮንን ሲሆን ቶም ግሪን ተውኖታል። ላስኪ ከወታደር ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ እናቱ መኮንን፣ ታላቅ ወንድሙም ወታደር። እሱ ግን የሚሠለጥንበትን ጦርነት አያምንበትም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ አካዳሚው ልጆቹን የሚያዘጋጀው ዐምፀው የተነሡ ሰዎችን እንዲወጉ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ጠላት እንዳለ ከነጭራሹ አልተነገራቸውም። በዚህ ላይ ሰውነቱ አልታዘዝ ይለዋል። ወታደሮች ለረጅም የጠፈር ጉዞ በብርድ ሲያንቀላፉ የሚሰጣቸው መድኃኒት ቆዳውን ያቆስለዋል። ጸሐፊዎቹ ይህችን ዝርዝር የመረጡት በብልሃት ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውነት ጋሻው በሰከንዶች የሚሞላ፣ ሕመም የማያውቅ ነበር፤ እዚህ የተሰጠን ሰውነት ግን ጦርነቱ ሳይጀመር በመድኃኒት የሚቆስል ነው።

ከሌላ ዓለም የመጡት ወራሪዎች ሲደርሱ ይህ ምርጫ ፍሬውን ያሳያል። «ሄይሎ»ን የተጫወተ ሰው ኤሊት የሚባሉትን ረጃጅም ተዋጊዎች በአንድ ምሽት በደርዘን ሲጥል ያመሻል፤ ቢሞትም ችግር የለም፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀጥላል። በተከታታዩ ውስጥ ግን አንዱ ኤሊት ብቻ ሕንፃውን በሙሉ በሽብር ይሞላዋል። መብራት ጠፍቷል፤ ፍጡሩ ራሱን ከእይታ የሚሰውርበት ዘዴ ስላለው የሚታየው አየሩ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ከዚያ የሚያበራው ሰይፍ ብልጭ ይላል። ልጆቹ ከመንፏቀቅና ትንፋሻቸውን ከመዋጥ በቀር የሚያደርጉት የለም። የተጫዋቹ አሮጌ ዕውቀት እዚህ በተቃራኒው ይሠራል፦ ይህን ጠላት እንዴት እንደሚጥለው ያውቃል፤ ከእነዚህ ልጆች ጋር ሆኖ ግን ዕውቀቱ ምንም አይፈይድለትም። ማስተር ቺፍ በመጨረሻ ሲደርስ የተከታታዩ እኩሌታ አልፏል። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ያየዋል፤ ጥሩሩን የለበሰው ዳንኤል ኩድሞር ራሱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው ስለሆነ ልጆቹ አጠገቡ ድንክ ይመስላሉ። የራስ ቁሩን አያወልቅም፤ ብዙም አያወራም። ለዓመታት ያንን ጥሩር ከውስጥ ሆኖ ሲያንቀሳቅስ የኖረ ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ምን ያህል እንደሚያስፈራና እንደሚያጽናና ያያል። ይህን ጌሙ ሊሰጠው አይችልም ነበር። ሞትም እንደዚሁ ነው። የላስኪ የቅርብ ጓደኛ ካይለር ሲልቫ፣ አና ፖፕልዌል የተጫወተቻት፣ ስትሞት ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር የለም፤ ተመልካቹ ቀሪውን መንገድ ያለ እሷ ይሄዳል።

አንድ ነገር አዋቂ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል፦ «ይህ ሁሉ የገንዘብ እጥረት የወለደው ነው፤ ብር ቢኖራቸው ኖሮ ማስተር ቺፍን ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስሮጡት ነበር።» ምናልባት እውነት ነው። ጨለማው ኮሪደር ከክፍት የጦር ሜዳ እንደሚረክስ ማንም ያውቃል፤ ወደ ጠፈር የሚወጣው ግዙፉ አሳንሰር ሲፈርስ የሚታየውም ለአጭር ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ እጥረት ምክንያት እንጂ ሥራ አይደለም። ገንዘብ ያነሰው ሁሉ ጨለማን አይጠቀምም፤ አብዛኛው የማይችለውን ትልቅ ትርኢት በርካሽ ሊያሳይ ሞክሮ ይዋረዳል። እነዚህ ሰዎች ማሳየት የማይችሉትን ነገር ገጸ ባሕርያቱም እንዳያዩት አደረጉ፤ ያኔ እጥረቱ የታሪኩ አካል ሆነ። ይልቅ እኔ የምነቅፈው ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይንዛዛሉ። የሚያመናጭቅ አዛዥ፣ እርስ በርሳቸው የሚናቆሩ ሠልጣኞች፣ በልምምድ ሜዳ ላይ መሸነፍና መማር፤ ይህን ሁሉ ከስንት የወታደር ፊልም አይተነዋል። መዘግየቱ ያስፈልግ ነበር፤ ማሰልቸቱ ግን አያስፈልግም ነበር።

የተቃራኒው መንገድ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ያው «ሄይሎ» ራሱ አሳይቷል። በ2022 ፓራማውንት ፕላስ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ አቅም የሠራው ተከታታይ በፓብሎ ሽራይበር የተተወነውን ማስተር ቺፍን መሀል ላይ አቆመውና ገና በመጀመሪያው ክፍል የራስ ቁሩን አስወለቀው። የጌሙ አፍቃሪዎች ጮኹ፤ ሥራውም ከሁለት ምዕራፍ በኋላ በ2024 ተቋረጠ። የተቋረጠው በዚህ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የቴሌቪዥን ሥራ በብዙ ምክንያት ይቆማል። የአፍቃሪዎቹን ቁጣ ግን እንደ ልጅነት የቆጠሩት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል። የተቆጡት የተዋናዩ መልክ ስላላማራቸው አይደለም። ለሃያ ዓመት እነሱ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ስለተቀመጠ ነው። አዘጋጆቹን ልረዳቸው እሞክራለሁ፤ ፊቱ በማይታይ ሰው ላይ የረጅም ሰዓት ድራማ መገንባት ከባድ ነው። ሄልቢንጎችም ይህን ችግር ያወቁ ይመስላል፤ መፍትሔያቸው ግን ፊት ያለው ሌላ ሰው መፈለግ ነበር።

«ታዲያ «ዘ ላስት ኦፍ አስ»ስ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህ ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ነው። በ2023 ኤችቢኦ ላይ የወጣው ያ ተከታታይ ጌሙ ውስጥ የምንጫወታቸውን ጆኤልንና ኤሊን መሀል አስቀምጦ እጅግ ተወደደ። ልዩነቱ ግን ከጌሙ ይጀምራል። ጆኤል በጌሙ ውስጥም ባዶ ወንበር አልነበረም፤ ፊት፣ ድምፅ፣ የሞተች ልጅ፣ የራሱ የሆነ ጥፋት ያለው ሰው ነበር። ተጫዋቹ አብሮት ይሄዳል እንጂ እሱን አይሆንም፤ በጌሙ መጨረሻ ላይ ተጫዋቹ የማይስማማበትን ነገር ሲያደርግም እንኳ ሊያስቆመው አይችልም። እንዲህ ያለው ጌም ግማሹን መንገድ ወደ ድራማ መጥቶ ይጠብቃል። ልብ ብሎ ላየው ደግሞ እዚያም ቢሆን ብዙ ከተወሩት ክፍሎች አንዱ ሦስተኛው ነው፤ ቢልና ፍራንክ የተባሉትን ሁለት ሰዎች ሕይወት የሚተርከው፣ ጆኤልና ኤሊ ዳር ላይ የሚቆሙበት።

ጀግናን መደበቅ ብቻውን ግን መድኃኒት አይደለም፤ ለዚህም ማስረጃው ከዚያው ከ«ሄይሎ» ቤት ይገኛል። በ2014 የወጣው «ሄይሎ፦ ናይትፎል»ም ባለ አምስት ክፍል ነው፤ ሪድሊ ስኮት ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ነበር፤ ማስተር ቺፍም የለበትም። ሐሳቡ ያስቀናል፦ ወታደሮቹ በወረዱበት፣ ከፈረሰ ቀለበት መሰል ዓለም በተረፈ ቁራጭ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሰውን ታቃጥላለች፤ ሌሊቱ ሳያልቅ ካልወጡ ያልቃሉ። ሥራው ግን ደርቆ ቀረ። በማይክ ኮልተር የተተወነው ጀምሶን ሎክና ባልደረቦቹ ገና ሲጀመር የበሰሉ፣ የደነደኑ ወታደሮች ናቸው፤ ቆፍጣና ናቸው፣ ዝግ ናቸው፣ ሁሉም ማስተር ቺፍን ይመስላሉ፤ ጥሩሩ ብቻ ይጎድላቸዋል። ጀግናው ወጥቷል፤ ዓለሙን እንደ አዲስ የሚያይ ዓይን ግን በቦታው አልገባም። ከላስኪ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ላስኪ ይሳሳታል፣ ይፈራል፣ የታዘዘውን ይጠይቃል፤ ተመልካቹ አብሮት ለመደንገጥ ቦታ ያገኛል።

አንድ ክስ ቀርቷል፤ ይኸውም ይህ ሁሉ ማስታወቂያ ነው የሚል። ነው እንጂ! የ«ፎርዋርድ አንቱ ዶውን» የመጨረሻው ክፍል የተለቀቀው «ሄይሎ 4» የተባለው ጌም ገበያ ላይ ሊውል አራት ቀን ሲቀረው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2 ቀን ነው፤ ይህን የሚደብቅ የለም። ነገር ግን ማስታወቂያነቱ በሠሪዎቹ ላይ አንድ ጥብቅ ግዴታ ጥሏል፦ በጌሙ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚገኝን አንድ ሰው ለተጫዋቹ ማስተዋወቅ። ያ ሰው ላስኪ ነው። «ሄይሎ 4» ላይ ጎልምሶ፣ ኢንፊኒቲ በተባለችው ግዙፍ መርከብ ላይ ሁለተኛ አዛዥ ሆኖ ይገኛል። የመርከቧ ካፒቴን ማስተር ቺፍ የማይቀበለውን ትእዛዝ ሲሰጥ ላስኪ አለቃውን በአደባባይ አይጋፋም፤ ግን ኋላ ማስተር ቺፍን ፈልጎ አግኝቶ የሚሄድበትን አውሮፕላን ይሰጠዋል። ጌሙን ብቻ የተጫወተ ሰው ይህን የአንድ ጥሩ መኮንን ውለታ አድርጎ ያልፈዋል፤ ምንም አይጎድልበትም። ተከታታዩን ያየ ግን በኮርቡሎ ግቢ ትእዛዝ ለምን ብሎ ይጠይቅ የነበረውን ልጅ ያውቀዋል፤ ከዚያ ጨለማ ኮሪደር ማን እንዳወጣውም ያውቃል። አሁን ደግሞ ጆይስቲኩ ተመልሶ እጁ ላይ ነው፤ ላስኪ የሚያነጋግረው እሱን ነው።