የገደሉ አፋፍና የጎርፉ መንገድ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በጨነቅ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)





የሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ልንመካከርበት የሚገባ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ዝናቡና ወንዙ የቆምንበትን ምድር እንዴት እንደሚቀርጹት፣ እኛስ ሥራቸውን በምን እንደምናፋጥነው ነው።

ስለ ባሕር ጠረፍ የሚያጠኑ ሊቃውንት የሚሉት ነገር አለ። ማዕበል የገደሉን እግር ይበላዋል፤ እግሩ የተበላ ገደል አናቱ ይናዳል፤ የተናደውንም ውኃው ፈጭቶና ተሸክሞ ሌላ ስፍራ አሸዋ አድርጎ ያኖረዋል። ስለዚህ ጠረፍ የማይናወጥ ወሰን አይደለም፤ በአንድ በኩል ሲሸሽ በሌላው በኩል ወደ ባሕሩ ይገፋል። እኛ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ባሕር የለንም። ነገር ግን ይህ ከፊታችን ቁልቁል የሚታየው የስሜን ገደል በተመሳሳይ መንገድ የሚሸሽ ጠረፍ ነው፤ የማዕበሉን ሥራ የሚሠሩት ዝናብ፣ ውርጭና ወንዝ ናቸው።

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የስሜን ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ የቀለጠ ዐለት በንብርብር ፈስሶ የተከመረበት ነው። ንብርብሮቹ እኩል ጥንካሬ የላቸውም። በጠንካራው ጥቁር ድንጋይ መካከል ለስላሳ ንጣፍ አለ። ውኃ በስንጥቁ እየሰረገ ለስላሳው ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ፊት ይወጣል፤ ከገደል ሥር የሚፈልቁ ብዙ ምንጮች አመጣጣቸው እንዲህ ነው። ለስላሳው እየተሸረሸረ ሲጎድል ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ መደገፊያ ያጣና አንድ ቀን ይወርዳል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውርጩም ድርሻ አለው፤ በስንጥቅ ውስጥ ያደረ ውኃ ሌሊት ሲረጋ ስለሚሰፋ ድንጋዩን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል። በጥንቱ የብርድ ዘመንማ በቧሂትና በራስ ደጀን አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ እየገፋ ያመጣው የድንጋይ ክምር ዛሬም ይታያል።

የተናደው ወዴት ይሄዳል? ከስሜን የሚወርዱት ወንዞች ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ ተከዜ በሱዳን ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። በግብፅ ምድር በሜዲትራኒያን ዳር የተዘረጋው ለም ሜዳ፣ ዓባይ በብዙ ሺህ ዓመታት ያመጣው ደለል ነው፤ የዚያም ደለል እጅግ የሚበዛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። እንግዲህ ከዚህ ገደል የወረደው አፈር በሌላ አገር የባሕር ጠረፍ ሠርቷል ማለት ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ ደለሉን ከያዘው በኋላ፣ ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት በሮዜታ በኩል ያለው ጠረፍ በዓመት ከ50 ሜትር በላይ ወደ ኋላ የሸሸበት ጊዜ ነበረ። በሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤልጊርባ ግድብ ብዙው ክፍሉ በደለል ተሞልቷል። በእኛም አገር 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ይህንኑ አፈር ይቀበላል።

ገደሉ መሸሹን ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ እንከልክል ብለንም አልመጣንም። የሚያሳስበን ፍጥነቱ ነው። ተፈጥሮ በሺህ ዓመታት የምታከማቸውን አፈር እኛ በአንድ ትውልድ እንሸኘዋለን። ጓሳውና አስታው ሲመነጠር፣ ዳገቱ ሲታረስ፣ ከብቱ ሣሩን እስከ ሥሩ ሲግጥ፣ የዝናቡ ጠብታ ባዶ አፈር ያገኛል። ፈሰሱም አለ። ገበሬው ማሳው እንዳይጠቃበት ፈሰስ ማውጣቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቁልቁል የተሳበ ፈሰስ የጎረቤትን ማሳ በሦስትና በአራት ክረምት ቦረቦር ያደርገዋል። በዚህ ጉዳይ የተጣላን ሰው ያላስታረቀ ካህን በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

አሁን ወደ ገዛ ደጃችን እንመለስ። ቀድሞ አብያተ ክርስቲያናቱ የሣር ክዳን ነበራቸው፤ ዛሬ አብዛኞቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ቆርቆሮው መልካም ነው። ሆኖም 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 6,000 ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 300 ይሞላል። ይህ ሁሉ አሸንዳ በሌለው ጣሪያ ጠርዝ ወርዶ በቅጽሩ በር በኩል በአንድ መስመር ሲወጣ ከበታች ያለውን ቁልቁለት ይቆርጠዋል። የደኑን ዛፍ ጠብቀን የጣሪያውን ጎርፍ በምእመናን ማሳ ላይ ብንለቅ ምን ጠበቅን እንላለን? ስለዚህ የጉልላት ቀለም ከማደስ አስቀድሞ ለአሸንዳና ለሮቶ ገንዘብ ይመደብ ብንል ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ እናደርጋለን። ትርፉ ውኃ ሣር በለበሰና በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ቀስ ብሎ ይውረድ። የተጀመረ ቦረቦር ካለ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ውኃው ይቀልበስ፤ ከዚያ በውስጡ በየደረጃው የድንጋይ ክትር ይሠራ። ውኃው ከላይ ሳይቀለበስ የተሠራ ክትር በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይጠረጋል፤ ድካሙ ያሳዝናል።

ሰው የሚያጠፋውን የመሬት ናዳ ግን በክትር አንመልሰውም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡና ሁለተኛው የደረሰባቸው ነበሩ። በዚያው ክረምት በነሐሴ በእኛው በሰሜን ጎንደር፣ በጠለምት ወረዳ፣ ናዳ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ስለዚህ ምልክቶቹን ለምእመናን በዐውደ ምሕረት ንገሩልን። ከአፋፉ በላይ መሬት በቅስት ቅርጽ ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ወይም አጥር ሲያዘነብል፣ የጠራ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ወይም ባልነበረበት ሲፈልቅ፣ የቤት በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ሲል፣ ቤተሰቡ በዚያች ሌሊት እዚያ አይደር። ናዳው ከወረደም በኋላ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ገደሉን ሳይጠብቅ ለቁፋሮ የሚገባ አይኑር። ደወል የሚደወለው ለመሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን ለመሸሺያም መሆኑን ሕዝቡ አስቀድሞ ይወቅ፤ የአደዋወሉን ልዩነት እናንተው ወስኑ።

ከእያንዳንዱ ሰበካ የምንጠይቀው ሥራ ትንሽ ነው። ከአፋፉ ወይም ከቦረቦሩ ጫፍ 10 ሜትር ርቃችሁ ሁለት ችካል ትከሉ። ርቀቱን በሰኔ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ለክታችሁ በሰበካው መዝገብ ጻፉ። በመስከረም 10 ሜትሩ 8 ሆኖ ከተገኘ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለእኛ በደብዳቤ አሳውቁን፤ ቁጥሩን ይዘን መጥተን ቦታውን አብረን እናያለን።