በበጋ ቤት ስለ መግዛት፣ ስለ መሸጥና ስለ ማደስ

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ከበስተኋላ የቆማችሁም አባቶች፣ ቅረቡ፣ ጥላው ለሁላችን ይበቃል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እጅ መታጠብ አይደለም፤ እጁን ታጥቦ የሚገባው ልጅ ስለሚያድርበት ቤት ነው።

በፈረንጅ አገር ሙቀት የሚበረታው በሰኔና በሐምሌ ነው ይባላል። በእኛ ግን ያን ጊዜ ደባርቅና ዳባት ጉም ለብሰው፣ ደጁ ጭቃ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ከእሳት ዳር ይቀመጣል። የእኛ የፀሐይ ወራት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ለደረሰ ሰው ደግሞ ሙቀቱ ሌሊትም አይለቀው። ቤት የሚሠራውም፣ የሚሸጠውም፣ የሚታደሰውም በዚሁ ወራት ነው፤ እህሉ ተወቅቶ ገንዘብ ከእጅ ይገባል፣ መንገዱም ደረቅ ስለ ሆነ እንጨቱና ቆርቆሮው እንደ ልብ ይመላለሳል።

ችግሩ ታዲያ ይኸው ነው፤ በበጋ ቤት ሁሉ ደኅና ቤት ይመስላል።

የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በመጋቢት ወር በዚሁ አካባቢ አንድ የጭቃ ቤት ገዛሁ። ግድግዳው አዲስ ተመርጎ፣ ወለሉ በእበት ተለቅልቆ፣ ጣራው ያብረቀርቃል። ሻጩም ቡና አስፈልቶ ተቀበለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። ሐምሌ ሲገባ የጓዳው ግድግዳ ከሥሩ እየራሰ፣ ምርጊቱ እየተላጠ ወረደ። ለካ የተመረገው ያለፈው ክረምት ውኃ ያሰመረውን ለመሸፈን ኖሯል! ታናሽዋ ልጄ አልጋዋ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበርና ክረምቱን ሙሉ ሳል ሳይለያት ከረመች። በሻጩ አላዘንሁም ብል ውሸት ነው፤ ነገር ግን እኔም ግድግዳውን አንኳኩቼ አላየሁም።

ስለዚህ ቤት ለማየት ስትሄዱ ቀትር ላይ ሂዱ። በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ከጨለማው መካከል ቁሙ። ጣራው ቀዳዳ ካለው ፀሐይዋ እንደ ክር ወለሉ ላይ ትወርዳለች። በመጋቢት የብርሃን ነጥብ የሆነችው በሐምሌ የውኃ ጠብታ ናትና ቁጠሯቸው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኰማተራል፤ በዚህ ሰበብ ምስማሩ እየላላ ቀዳዳው ይሰፋል። ጥቂት ከሆነ በካትራሜ ይደፈናል፤ ብዙ ከሆነ ከዋጋው ይቀነስ። የቋሚውን ሥር በቢላዋ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ቢላዋው ሳይቸገር ከገባ ነቀዝ ወይም ምስጥ በልቶታል ማለት ነው። አዲስ ምርጊት ካያችሁ ደግሞ «ለምን ተመረገ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሻጩ ይልቅ የጎረቤት ሴቶችን ጠይቁ። ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ምንጩ በሚያዝያ ይደርቃል ወይ? እንስራ ይዞ ለመመለስ ምን ያህል ያስኬዳል? በጋ የጣራውንና የግድግዳውን ጉድለት ይደብቃል እንጂ የውኃን ነገር አይደብቅም። በክረምት በየሸለቆው ጅረት ይወርዳል፤ በሚያዝያ ውኃ ያልቸገረው ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ አይቸገርም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ውኃ ሲርቅ መጀመሪያ የሚቀረው የልጅ ፊት መታጠብ ስለ ሆነ ነው። አቧራና ዝንብ በሚበዛበት ወራት ዓይናር የሞላበት ፊት የዝንብ ማረፊያ ይሆናል፣ ዝንቡም ትራኮማን ከልጅ ወደ ልጅ ያዛውራል። ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው ዓይን ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም እጅግ ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ነው። ለአንድ ልጅ ፊት ግን ከአንድ ጣሳ በታች ውኃ ይበቃል፤ የሩቅ ምንጭ ያላት እናት እንኳ ይህችን አትንፈግ።

መጸዳጃ ቤቱንም ሳታዩ አትመለሱ። በበጋ ደረቅና ጥልቅ የሚመስለው ጉድጓድ በነሐሴ እስከ አፉ በውኃ ሊሞላ ይችላል። ውኃ ከሚቀዳበት ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ከምንጩም በታች በኩል የተቆፈረ መሆን አለበት። መክደኛም ይኑረው።

በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እንዲህ ከገጠር ወደ ከተማ ለሚገባ ቤተሰብ ቤት መግዛት እንግዳ ነገር ነው፤ ቤት ማለት ዘመድ ተሰብስቦ በደቦ የሚያቆመው እንጂ ከገበያ የሚመረጥ አልነበረምና። የሣር ክዳን የቀኑን ሙቀትም የሌሊቱንም ብርድ ይከለክላል። ቆርቆሮ ግን ቀን ምጣድ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ውርጭ። ስለዚህ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ይሠራ፤ አቅም ከሌለ በንጹሕ ጨርቅም ቢሆን፤ ምድጃው ግን ከዚያ ይራቅ። ሕፃን ልጅ በቀትር በጋቢ ተጠቅልሎ ከቆርቆሮ ሥር እንዳይተኛ። ከስድስት ወር በታች የሆነ እንደ ሆነ በሙቀት ጊዜ ጡት አዘውትሮ መጥባት ይበቃዋል፣ ውኃ አያሻውም።

ስለ ውሉ አንድ ቃል ብቻ። ሕጉ የሚፈቅደው ቤቱን መሸጥ ነው እንጂ መሬቱን አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በጠላ ቤት በምስክር ብቻ ገንዘብ አትቍጠሩ።

እናንተ የምትሸጡ ደግሞ፣ ስንጥቅን መሸፈንና ስንጥቅን ማደስ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ። የላላውን ጭቃ ፋቁት፤ ሥሩን በውኃ አርሱት፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይቡካ። በቀትር ፀሐይ የተመረገ ምርጊት ላዩ ቶሎ ደርቆ ወዲያው ይሰነጠቃልና ጧት ወይም ወደ ማታ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ደራርቡት። ላትሸጡም ቢሆን ለራሳችሁ አድርጉት። ስንጥቅ የትኋን ቤት ነው። በቆላው ወገንም ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን በመሬትና በግድግዳ ስንጥቅ ትሸሸጋለች፤ ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርዱ ባሎቻችሁና ልጆቻችሁ ትኵሳት ይዟቸው ሲመለሱ ወባ ነው ብላችሁ ብቻ አትተዉት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ተገዝቶ የመጣ አሮጌ አልጋ ሳይመረመር ቤት አይግባ። መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውኃ አፍሱበት፣ ፍራሹንና ቁርበቱን ፀሐይ ላይ አውሉት። የሣር ክዳን ያላችሁ ደግሞ በነፋስ ቀን ምድጃውን ትታችሁ ከብት ፍለጋ አትውጡ፤ ማታ ፍሙ በአመድ ከመዳፈኑ በፊት ከአጠገቡ ጭራሮ መነሣቱን እዩ።

የቀረው የቤቱ ዙሪያ ቦይ ነው። «መሬቱ ደርቆ ዶማ አያስገባም» ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ በሚያዝያ አያስገባም። የመጀመሪያዋ ካፊያ በጣለች ማግሥት፣ ባሎቻችሁ ለእርሻ ሳይወጡ፣ የጣራው ውኃ ከሚወርድበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ወደ ቍልቍለቱ ዘንበል አድርገው ይቆፍሩት።