የተዘጋ የሚመስለው ማብሪያ
(በአረካ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ደም ሊናገር መነሣቱ ያስገርማችሁ ይሆናል። ሆኖም ጉዳዩ ወባን በቤቱ ለሚያውቅ የአረካ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ስለ መቆጣጠሪያ በመሆኑም ለሙያችን ቅርብ ነው።

ቪቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በዋነኛነት ዳፊ በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው። ይህ ፕሮቲን በቀይ ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ቪቫክስን እንደሚቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ተገለጸ። በ1995 ምክንያቱ ታወቀ። ጂኑ አልጎደለም፤ ከጂኑ ቀድሞ ባለው መቆጣጠሪያ ሥፍራ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣለች። በዚህም ጋታ-1 የተባለው አዛዥ ፕሮቲን የሚያርፍበት ቦታ ተበላሸ። ጂኑ በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ሥራውን ሲቀጥል፣ በቀይ ሕዋስ ዘንድ ግን ተዘጋ።

ይህን መቆጣጠሪያ በበሰለ ቀይ ሕዋስ ውስጥ መመርመር አይቻልም፤ ሕዋሱ ሲበስል አስኳሉን ከነጂኖቹ አውጥቶ ይጥላልና። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከመቅኔ ወይም ከደም የተወሰዱ እናት ሕዋሳትን፣ ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ሆርሞን እየጨመሩ በቤተ ሙከራ ያሳድጋሉ። ሕዋሳቱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲበስሉ፣ የተከፈተውን የዲኤንኤ ክፍል ብቻ በሚቆርጥ ኤንዛይም አማካይነት በየደረጃው ክፍቱና ዝጉ ሥፍራ በካርታ ይመዘገባል።

የአበሳሰልን ሂደት ደረጃ በደረጃ መከታተል ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት፣ ዳፊ አልባ በሚባሉ ሰዎች ያልበሰሉ ሕዋሳት በከፊሎቹ ላይ ፕሮቲኑ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ እንደሚጠፋ ተረጋገጠ። ይህም በማዳጋስካርና በአገራችን እንዲህ ያሉ ሰዎች በቪቫክስ ተይዘው የመገኘታቸውን ምክንያት ለመረዳት ረዳ።

አምፖሉ ስለ ጠፋ ብቻ መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ እጁን የሚሰድ ባለሙያ በመካከላችን የለም፤ አስቀድሞ ይፈትሻል። በጤናውም ረገድ ከጣት የተወሰደ ደም የመቅኔውን ምስጢር ሁሉ አይናገርም። ስለዚህ «ዳፊ የሌለው ሰው በቪቫክስ አይያዝም» የሚለውን የቆየ ግምት ይዞ የወባን መከላከያ ማቀድ ስሕተት ይሆናል።

የእኛ ድርሻ ቤተ ሙከራ አይደለም። ነገር ግን ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር አፈር አውጥተን የተውነው ጉድጓድ ውኃ ሲቋጥር የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። እርሱን መድፈን የሥራችን የመጨረሻ ምዕራፍ እንጂ ትርፍ ድካም ተደርጎ እንዳይቆጠር አደራ እላለሁ።