ፎቶው ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ

አዲ አርቃይም ሆነ ሊማሊሞን ወጥታችሁ ደባርቅና ዳባት ሳሎን ብትገቡ፣ የሠርግ ወይም የምርቃት ፎቶ፣ ከጎኑም የእመቤታችን ሥዕል፣ በባለመስታወት ፍሬም ተሰቅሎ አይጠፋም። ፀሐይ ወጥታ መስኮቱ ሲከፈት ግን የሙሽሮቹ ፊት ይጠፋና መስኮቱ ብቻ ይታያል።

ተራ መስታወት ፊት ለፊት ካረፈበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ግማሹን በፊት ገጹ፣ ግማሹን በኋላው። የሚመልሰውም በመጣበት ማዕዘን ልክ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ከመስኮት ትይዩ አትስቀሉት፤ የጎኑ ግድግዳ ይሻላል። ሌላ ቦታ ከሌለ የፍሬሙን አናት ወደ ፊት ዘንበል አድርጉት፤ ገመዱን ከኋላ ከአናቱ ዝቅ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ፍሬሙ 5 ዲግሪ ሲያዘነብል ነጸብራቁ 10 ዲግሪ ስለሚዞር፣ በመስኮቱ ፋንታ ከእሱ ዝቅ ያለው ጠቆር ያለ ቦታ ሊታያችሁ ይችላል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ወጪ የለውም።

የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ሸራ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው፤ መስታወት ስለሌላቸው እንዲህ አያንጸባርቁም። እናንተ ግን መስታወቱን እንዳታወጡት። የምድጃ ጭስና አቧራ ፎቶውን ያበላሹታል።