አንድ ፕሮግራም በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተነገረ)



እኛ የአሶሳ ተማሪዎች የምንኖረው በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ በየቋንቋቸው በሚነጋገሩበት ክልል ነው። ውሃ በየቋንቋው ስሙ ይለያያል፤ ውሃው ግን ያው ነው። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው። ከዩኒክስ ወገን ከሆኑት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ኡቡንቱ ፕሮግራም የሚጭነው በ«አፕት»፥ ፌዶራ በ«ዲኤንኤፍ»፥ ፍሪቢኤስዲ በ«ፒኬጂ» ነው። አፓቺ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር እንኳ ኡቡንቱ «አፓቺ2»፥ ፌዶራ «ኤችቲቲፒዲ» ይሉታል።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? አንዱ ተማሪ አዲሱን፥ ሌላው አሮጌውን እትም ከያዘ፥ እዚህ የሠራው መልመጃ እዚያ ይሰናከላል። የትምህርቱ ሰዓት በጥገና ያልቃል፤ ይልቁንም የሚጎዳው በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ነው።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆነውን ፒኬጂሶርስ የተባለውን ዘዴ የኔትቢኤስዲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ጀመሩ። ፕሮግራሙ ከየት እንደሚመጣ፥ እትሙ ስንት እንደሆነና ምን እንደሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የወረደው ፋይል አለመለወጡም በመለያ ቁጥሩ ይረጋገጣል። ይኸው ጽሑፍ በሊኑክስም በማክም ያገለግላል። በየሦስት ወሩ ከሚወጣው ሁሉም አንዱን ቢይዝ እትሙ ይስማማል። የወረደውን በትምህርት ቤት ብናስቀምጥ ደግመን ከኢንተርኔት አናወርድም። ዳሩ ግን ፕሮግራሙን ከምንጩ መገንባት ጊዜና ኤሌክትሪክ ይፈጃል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ የምንጭነውን ሁሉ ከነእትሙ በአንድ መዝገብ እንጻፍ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ድካማችንን ሳይደግም ሥራውን ይጀምር።