የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ስለ እርዳታና ስለ ባለቤትነት
(ለአገር ልጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የቆምኩት ገንዘብ አምጡ ለማለት አይደለም፤ እስከ ዛሬ የላክነው የት ደረሰ ብለን እንድንጠያየቅ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና አብሮ አደጎቼ አዋጥተን ለተወለድንበት ቀበሌ የውሃ ፓምፕ አስተከልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተላከልን፣ እኛም ኮራን። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፓምፑ ቆመ። ተናድጄ አክስቴ ዘንድ ደወልኩና «አንዲት ዕቃ መግዛት እንዴት ያቅታችኋል?» አልኳት። «ልጄ፣ የእናንተ ነው ብለን እስክትመጡ እየጠበቅን ነው» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ስንሰጥ አላማከርናቸውም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የምጣኔ ሀብት መምህሩ መሐመድ ዩኑስ ባንግላዴሽ ውስጥ ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች በጠቅላላው 27 ዶላር ከኪሱ አበደረ። ሰነፎች አልነበሩም፤ ቀርከሃ መግዣ ከነጋዴ ተበድረው፣ የሠሩትን በርጩማ ለዚያው ነጋዴ በቆረጠው ዋጋ እንደሚሸጡት ያሉ ምስኪኖች ነበሩ። ከዚያ የተነሳው ግራሚን በ1983 ባንክ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2006 ባንኩና መሥራቹ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። ቁም ነገሩ ብድሩ ብቻ አይደለም፤ ተበዳሪዎቹ የባንኩ ባለአክሲዮኖች መሆናቸው ነው።

ብድር ተአምር ይሠራል ማለቴ ግን አይደለም። አገራችንን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተካሂደው በ2015 የታተሙ ጥናቶች፣ አነስተኛ ብድር ብቻውን የድሃውን ኑሮ ከሥሩ እንደማይለውጥ አሳይተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ያወጣው ሪፖርት ደግሞ፣ ተቃዋሚን የደገፈ ገበሬ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ይከለከል እንደነበር መስክሯል። ገንዘቡ የለጋሽ፣ ቁልፉ የካድሬ! መጠየቅ የማይችል ሕዝብ የእርዳታ ባለቤት ሊሆን አይችልም። በ2025 ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋም ያው ነው የታየው፤ ሩቅ አገር የተፈረመ ወረቀት የድሃውን ክሊኒክ ባዶ ያስቀራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ ዕቁብና ዕድር ያለን፣ ገንዘብ በአደራ መያዝን ማንም ያላስተማረን ሕዝብ ነን። ከመላካችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ፈለገው? ማን ያስተዳድረዋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ፓምፑ ዛሬ ይሠራል። ግማሹን እኛ፣ ግማሹን እነሱ አዋጥተን ተጠገነ። በጄሪካን ጥቂት ሳንቲም ይከፈላል፤ ቁልፉና መዝገቡ ራሳቸው በመረጧቸው ሴቶች እጅ ነው፤ ሒሳቡም በየወሩ በዕድሩ ፊት ይነበባል። ባለፈው ስደውል አክስቴ «ፓምፓችሁ» ማለቷን ትታ «ፓምፓችን» አለችኝ። ከላክሁት ገንዘብ ሁሉ ያገኘሁት ትልቁ ትርፍ ያ ቃል ነው።

እግዚአብሔር አገራችንንና ሕዝባችንን ይጠብቅልን።